«ተፈታህ» አትበሉኝ እል ነበር

ፍርድ ቤቱ በነፃ ካሰናበተኝ በኋላ በነበሩት ሁለት ወራት ከሰው ጋር ስከራከር የከረምኩት በአንድ ቃል የተነሳ ነው። የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ጨብጦ «እንኳን ተፈታህ» ይለኛል። እኔ ደግሞ እጁን ሳልለቅ «አልተፈታሁም» እላለሁ።

«እንዴ፣ ይኸው ከፊቴ ቆመህ የለም እንዴ?»

«በዋስ የወጣም ተፈታ ይባላል፤ ቅጣቱን የጨረሰም ተፈታ ይባላል፤ በይቅርታ የተለቀቀ ወንጀለኛም ተፈታ ይባላል። እኔ ከእነዚህ አንዱም አይደለሁም። እኔ በነፃ ነው የተሰናበትኩት።»

ሰውዬው እሺ እሺ ብሎ ያልፋል። በልቡ «ይህን ሰውዬ ነካ አድርጎታል» ሳይል አይቀርም።

ደግሞ በባዶ እጄ አልነበረም የምከራከረው። የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ማኅተም አስመትቼ ካወጣሁ በኋላ፣ በዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ላሚኔት አስደረግኩት። ዝናብ እንዳይነካው፣ ናፍጣ እንዳያበላሸው ብዬ ነው። ከመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከላይ ስለማስቀምጠው ለሥራ የሄድኩበት ሁሉ አብሮኝ ይዞራል። ማንም ሳይጠይቀኝ አውጥቼ ያሳየኋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ማንበብ ለማይችሉት የመጨረሻዋን መሥመር በጣቴ እየተከተልኩ አነብላቸዋለሁ፤ «ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው ከቀረበበት ክስ በነፃ ይሰናበት» የምትለውን። ዛሬ ሳስበው በራሴ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የምር ነበር።

ስሜ ይበልጣል ነው። የወፍጮ መካኒክ ነኝ። ከእስቴ እስከ ስማዳ ወገዳ ድረስ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ ስልክ ቁጥሬን ይዟል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሥራዬን እወዳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ፣ ሳይጠይቀኝ ደግሞ በሰው ጉዳይ አልገባም። ይህን ጠባዬን እንደ ጨዋነት ነበር የምቆጥረው። ጨዋነት ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ዛሬ በምነግራችሁ በአንድ ቀን ውሎ ነው።

አስቀድሜ ግን የተከሰስኩበትን ነገር ልንገራችሁ።

አቶ ደምሌ የሚባል ባለ ወፍጮ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ፣ አባቴ ከሚኖርበት መንደር አጠገብ ነው። አንድ ማክሰኞ ሄጄ ሞተሩን አስተካከልኩለት። ስመለስ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻዬን ረሳሁ። ቅዳሜ እሱን ልወስድ ሄድኩ። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያገናኝ ሰፊ ቺንጋ አለ። ሲሽከረከር ልብስም እጅም እንዳይዝ በብረት መከለያ ይሸፈናል። ያን ቅዳሜ ስገባ መከለያው ከቦታው የለም፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለካ አቶ ደምሌ ጠዋት ቺንጋው ሲንሸራተትበት በእኔው መፍቻ ብሎኖቹን ፈትቶ አንስቶታል። ከዚያ ሰው ሲበዛበት ሳይመልሰው ሞተሩን አስነሳ። ገበያ ስለዋለ ቤቱ እስከ በሩ ሞልቷል። ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ሰው የሚነጋገረው ጆሮ ለጆሮ ነው።

«ምነው መከለያውን?» አልኩት።

«እመልሰዋለሁ፤ እነዚህን ላስተናግድና» አለኝ። መፍቻዬንም ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ሩብ ሰዓት እንኳ የሞላ አይመስለኝም። አስማረ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት የጋቢው ጫፍ በቺንጋው ተያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ሮጬ ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ግን አልፎ ነበር።

ፖሊስ ሲመጣ አቶ ደምሌ ደንግጦ «መከለያውን የፈታው መካኒኩ ነው» አለ። መፍቻውም በእኔ እጅ ተገኘ፤ ስሜም ተቀርጾበታል። እሱም እኔም በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰስን። አሥራ አንድ ቀን ጣቢያ አደርኩ። አስማረ የተቀበረው፣ ለቅሶውም የተለቀሰው እኔ ጣቢያ ሳለሁ ነው። በዋስ እንደወጣሁ ለቅሶ ልሂድ ብዬ ብነሳ ጠበቃዬ ከለከለኝ።

«እንዳትሞክራት። ሄደህ ብታለቅስ፣ ጥፋቱን ቢያምን ነው የመጣው ብለው ይመሰክሩብሃል» አለኝ። ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር መከልከሌን ሳልወደው አልቀረሁም።

ክርክሩ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። መጨረሻ ላይ ያዳኑኝ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ራሳቸው ናቸው። እህል ይዘው በጠዋት የመጡ ሁለት ሰዎች፣ «መከለያውን ያነሳው ደምሌ ነው፤ መካኒኩ የመጣው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው» ብለው መሰከሩ። አቶ ደምሌ ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። እኔ በነፃ ተሰናበትኩ። መፍቻዬም ከኤግዚቢት ክፍል ተመለሰልኝ።

ዳኛው «በነፃ ይሰናበት» ብለው ሲያነቡ ከኋላ ወንበር አንድ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ ልክ ያልገባው ሰው እንደሚጠይቀው ዓይነት ነው። «በነፃ?» አለች። ዞር ስል የአስማረ እናት እማማ ዝማም ናቸው። አጠገባቸው የነበረ ሰው ዝም አሰኛቸው። እኔ ያን ጊዜ በደስታ ዕውር ሆኜ ነበርና ነገሩን አላጤንኩትም።

እንግዲህ ነፃ ነኝ ብዬ ሣጥኔን አንግቤ ሥራ ጀመርኩ። አባቴ መንደር ግን መግባት አልቻልኩም። የአስማረ ታላቅ ወንድም ፈንታሁን «የደምሌ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ታርቋል፤ የቀረን አንዱ ነው» እያለ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። አንዱ እኔ መሆኔ ነው።

በእኛ አገር በእጁ ነፍስ የጠፋበት ሰው በሽማግሌ ፊት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ «ማሩኝ» ይላል። የሟች ወገን «ምረንሃል» ካለ ድንጋዩን ያወርዱለታል፣ ደሙም ይደርቃል። ጥሩ ወግ ነው፤ ስንት ቤት ከመጥፋት አድኗል። ነገር ግን ድንጋይ የሚሸከም ገዳይ ነው። እኔ ደግሞ ገዳይ እንዳልሆንኩ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለኝ። ድንጋዩን አንድ ጊዜ ከተሸከምኩት ያን ወረቀት በገዛ እጄ መቅደዴ ነው። ልጆቼ ነገ ትምህርት ቤት «አባታችሁ ድንጋይ ተሸክሟል» ሲባሉ ምን ይመልሳሉ?

ከጥምቀት በኋላ አባቴ ሰባ ዓመታቸውን ተሸክመው በእግራቸው መካነ ኢየሱስ ድረስ መጡ። ከሰንበቴ ማኅበራቸው ማንም ባያስወጣቸውም፣ ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለው ሰው ፈቀቅ ይላል አሉ። ሰላምታው ቀዝቅዟል። የተሰጣቸውን ምግብ ነካ ሳያደርጉ እንዲህ አሉኝ፤

«ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠዋል። የፊታችን ሐሙስ ና።»

«አባባ፣ እኔ እኮ በነፃ ነው የተሰናበትኩት።»

«አውቃለሁ፤ ወረቀትህን ሦስት ጊዜ አንብበህልኛል። እኔን የሚቀብረኝ ግን የመንደሩ ሰው ነው፤ ዳኛው አይደለም።»

«እመጣለሁ፤ ድንጋይ ግን አልሸከምም። ወረቀቴን ይዤ ነው የምመጣው» አልኩ። አባቴ «ይዘህ ና» ብለው ተነሱ።

ሐሙስ ጠዋት ደረስኩ። የተቀጣጠርነው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው አውድማ ላይ ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ ስለተነሳ ሜዳው ባዶ ነው። ሽማግሌዎቹ አምስት ናቸው። የሚመሯቸው መሪጌታ ይባቤ ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ሄደው የተማሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። በአንድ ወገን አባቴና እኔ፣ በሌላው ወገን እማማ ዝማም፣ ፈንታሁንና ሦስት ዘመዶቻቸው ተቀመጥን። መሐል ላይ ድንጋዩ ተቀምጧል። የበግ ጭንቅላት ያህላል። ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

መሪጌታ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ «እንግዲህ ልጄ፣ ተነስ» አሉኝ።

ተነሳሁ። ወደ ድንጋዩ ግን አልሄድኩም። ከጃኬቴ ውስጥ ላሚኔቱን አወጣሁና «መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለአስማረ ሞት አዝናለሁ። ነገር ግን የገደልኩት እኔ አይደለሁም። ድንጋይ የሚሸከም ገዳይ ነው። ይኸው ፍርድ ቤቱ የፈረደው» አልኩ። ከሚገባው በላይ ጮኼ ነበር።

ፈንታሁን ከመቀመጫው ተነሳ። «ወረቀት ይዞብን መጣ?» አለ። «በወንድሜ ደም ላይ ወረቀት?» ሁለት ዘመዶቹ እጁን ይዘው አስቀመጡት። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ የመጣሁበትን መንገድ በዓይኔ ለካሁት።

እማማ ዝማም ግን «ይነበብልኝ» አሉ።

«ምኑ?» አሉ መሪጌታ።

«ወረቀቱ። ያን ቀን ዳኛው ሲያነቡ በደንብ አልሰማሁትም። ሊያሰሙኝም አልፈለጉ።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡት። ቀስ ብለው፣ እንደ ድርሳን። የሰው ስም፣ የአንቀጽ ቁጥር፣ የምስክር ቃል። «ተከሳሹ በሰጠው ቃል፣ ስደርስ መከለያው ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት ያለ ሲሆን፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮችም ይህንኑ አረጋግጠዋል» የሚለውን አነበቡ። መጨረሻም «በነፃ ይሰናበት» አሉና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እሱን ቃል» አሉ እማማ ዝማም። «እሱን ነው ያልገባኝ። በነፃ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ቃሉ ከንጽሕና የመጣ ነው» አሉ መሪጌታ። «ነጻ ሲባል፣ ከእድፉ ጠራ፣ ታጠበ እንደማለት ነው። ዳኛው፣ ይህ ሰው ከዚህ ክስ ንጹሕ ነው ማለታቸው ነው።»

«እኔ የማውቀው በነፃ ሌላ ነው» አሉ እማማ ዝማም። «የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ በነፃ ነው ይሉናል። ክትባት በነፃ ነው ይሉናል። ምንም አይከፈልበትም ማለት ነው። ያን ቀን ፍርድ ቤት በነፃ ሲሉ፣ ልጄ በነፃ ሄደ ማለት ነው አልኩ። ዋጋ የለውም፣ ማንም አይጠየቅበትም ማለት ነው አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ነው የማስበው።»

እኔ ያን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ ለስንቱ ሰው አንብቤዋለሁ። ለእኔ ስሜን ያጠበልኝ ቃል ለእሳቸው የልጃቸውን ዋጋ ባዶ ያደረገ ቃል መሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልታሰበኝም። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እማማ ዝማም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ሁሉ ጊዜ በቀጥታ ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንደ ዳኛ አይደለም። ተነስቶ አገኘሁት ብለሃል። እንግዲያው አይተኸዋል ማለት ነው።»

ነፃ ያወጣችኝ ዓረፍተ ነገር ያቺ ናት። ጠበቃዬ ደጋግሞ ያስጠናኝ፣ ምስክሮቹ ያጸኑልኝ። አሁን በእኚህ ሴት አፍ ስትገለበጥ ሰማኋት።

«አየሁት» አልኩ።

«አይተህስ ምን አልክ?»

«ምነው መከለያውን፣ አልኩት ደምሌን። እመልሰዋለሁ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ዝም አልኩ።»

«አንተ መመለስ አትችልም ነበር?»

አባቴ ቀና አሉ። ይህን ፍርድ ቤት ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም ጠበቃዬ «ግዴታው አይደለም» ብሎ ይመልስልኝ ነበር፤ ደግሞም እውነቱን ነው፣ ግዴታዬ አልነበረም።

«እችል ነበር» አልኩ። «መፍቻው በእጄ ነበር። ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ አስጠፍቼ አራት ብሎን ማሰር ነው። ሰው ተሰልፏል፣ ባለቤቱ እመልሰዋለሁ ብሏል፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ።»

ፈንታሁን ይነሳብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተነሳም።

«ዝም ብለህ የት ሆንክ?» አሉ እማማ ዝማም።

ይህችን ጥያቄ ፈርቻት ነው የኖርኩት። ለሚስቴም አልነገርኳትም። መናገር ከጀመርኩ በኋላ ግን መመለስ አልቻልኩም።

«ተቀመጥኩ» አልኩ። «አስማረ ቀድሞኝ በጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር። ስገባ አየኝና ተነሳ። ኖር አለኝ። ሞተሩ ስለሚጮህ ድምፁን አልሰማሁትም፤ ከከንፈሩ ነው ያወቅሁት። በእግዜር አልኩትና በእሱ ቦታ ተቀመጥኩ። እሱ ቦታ አጥቶ ወደ ቺንጋው በኩል ቆመ። ተቀመጥ ብለው፣ እኔ እቆማለሁ ብለው ኖሮ...»

እዚያ ለተቀመጠው ሰው ኖር ምን እንደሆነ አይነገረውም። ታላቅ ሲመጣ ታናሽ ከመቀመጫው ተነስቶ ኖር ይላል፣ ታላቁ በእግዜር ብሎ ይቀመጣል ወይም ያስቀምጠዋል። እያንዳንዳችን በቀን ስንት ጊዜ የምንለው ነው። አስማረ የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከመዝገቡም ውስጥ የለም።

እማማ ዝማም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ኖር አለህ?» አሉ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ልጄ ኖር ብሎ ነው የሞተው?»

«አዎ።»

«ሰው ሁሉ ተንቀዥቅዦ ነው ይለኝ ነበር። ወጣት ነው፣ ሲቀብጥ ነው ይሉኝ ነበር።» ወደ ፈንታሁን ዞሩ። «ለታላቁ ተነስቶ ነው።»

መሪጌታ ይባቤ ጊዜ ሰጧቸው። ከዚያ «እንግዲህ እማማ፣ ሰውየው በደሉን በአፉ ተናገረ። ድንጋዩን ይሸከም?» ብለው ጠየቁ።

እኔ ያን ጊዜ ለመሸከም ቆርጬ ነበር። ላሚኔቱ መሪጌታ ጉልበት ላይ ነው፤ ወደ እሱ መመልከትም ረሳሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ አጎነበስኩ።

«ተወው» አሉ እማማ ዝማም።

ቀና አልኩ።

«ድንጋይ ለገዳይ ነው። ይህ ሰው ገዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን አይነግረኝም ነበር። ገዳይ ለቅሶ አይደርስም፤ ገዳይ ያልሆነ ግን ይደርሳል። ይህ ሰው የበደለኝ በምን መሰላችሁ? ልጄ ሲቀበር አልመጣም። ሠልስት አልመጣም። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ፣ አልመጣም። ጣቢያ ነበር ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲያስ? እኔ ሁልጊዜ በር በሩን አያለሁ። የልጄን መጨረሻ ያየ ሰው እንዴት አይመጣም እላለሁ። አሁንም ዕዳው እሱ ነው። ለቅሶ ይድረስ።»

መሪጌታ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ተመለከቱ። አንደኛው «ወጉ እንደዚህ አይልም» ብለው ጀመሩና መልሰው ተዉት። መሪጌታ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው ከአውድማው ጫፍ ወርውረው «ተነሱ፣ ወደ ለቅሶው እንሂድ» አሉ። ወረቀቴንም መለሱልኝ።

የእማማ ዝማም ቤት ከአውድማው አጠገብ ነው። እሳቸው ቀድመው ገብተው መደባቸው ላይ ተቀመጡ፣ ልክ ልጃቸው ትናንት እንደተቀበረ ሁሉ። የአስማረ ጎረቤቶች ነገሩን ሰምተው ተከትለውን ገቡ። እኔ ከደጁ ቆምኩ። ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገባ ጠፋብኝ። አባቴ ከኋላዬ ጀርባዬን ገፋ አደረጉኝ።

ስገባ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ፈንታሁን ነበር። አየኝ። አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። ይመታኛል ብዬ አይደለም የቆምኩት፤ ምን ሊል እንደሆነ ስላወቅሁ ነው።

«ኖር» አለኝ።

ወንድሙ ያለኝን። እዚያው ላይ ወደቅሁ። እንዴት እንዳለቀስኩ አባቴ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። ለራሴ ነፃነት ስጨነቅ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ለአስማረ አንድ እንባ አላወጣሁም ነበር፤ ያ ሁሉ ተጠራቅሞ ወጣ። ሴቶቹ ሙሾ አነሱ። እማማ ዝማም ከመደቡ ወርደው ራሴን ያዙኝ።

ለቅሶው ሲበርድ «እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ» አልኩ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ሲቀረው የተባለ ቃል ነው።

«አሜን» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ከራሴ ሳያነሱ «እኔስ ፈታሁህ። እግዜርም ይፍታህ» አሉኝ።

ፈንታሁን ቦታውን እንደለቀቀልኝ አሁንም ቆሟል። «እንቀመጥ» አልኩት። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ውድ አንባቢ፣ ፍርድ ቤቱ ተሳሳተ ልልህ አይደለም። አልተሳሳተም። ዳኛው የተጠየቁት ይህ ሰው በዚህ ክስ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ነው፤ አይደለም አሉ። ያን ባይሉ ኖሮ ባልሠራሁት ወንጀል እታሰር ነበር፣ ልጆቼም ያለ አባት ያድጉ ነበር። በነፃ የሚለው ቃል የተከበረ ቃል ነው፤ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ስህተቱ የእኔ ነው። ዳኛው ለአንድ ጥያቄ የሰጡትን መልስ ለጥያቄ ሁሉ መልስ አደረግኩት። ሕጉ «አልገደልክም» ሲለኝ እኔ «ምንም አላደረግክም» ብሎ እንደነገረኝ ሰማሁት። ሕጉ ግን ማን ተነስቶልህ ተቀመጥክ ብሎ አይጠይቅም። እሱን የሚጠይቅ ሌላ ነው፤ እሱንም በወረቀት አትመልስለትም።

ካንተም ዘንድ አንድ ሰው በእጅህ ሳይሆን በዝምታህ የተጎዳ ይኖር ይሆናል። ማንም አይከስህም፤ ብትከሰስም በነፃ ትሰናበታለህ። እኔ የምለምንህ፣ ያ ሰው በር በሩን እያየ እንዳይቀር ነው።

ዛሬ ወፍጮ ቤት ስገባ መከለያው ተነስቶ ካገኘሁ አልጠይቅም። ሞተሩን አጠፋለሁ። ባለቤቱ ይጮኻል፣ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፤ እኔ በዚያችው በአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አራቱን ብሎን አስሬ ስጨርስ አስነሳለታለሁ። አንዳንዶቹ «ይህ መካኒክ እብድ ነው» ይላሉ። ይበሉ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው ሲነሳልኝ ደግሞ በእግዜር ብዬ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ላሚኔቱ አሁን ከሣጥኔ ውስጥ የለም፤ ቤት፣ ከልጆቼ የልደት ወረቀት ጋር ተቀምጧል። አባቴ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ከቀባሪዎቻቸው መካከል አልጋውን ከፊት በኩል የተሸከመው ፈንታሁን ነበር።

የመካነ ኢየሱስ ሰውም አመሉን አልተወም። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲያገኘኝ አሁንም እጄን ጨብጦ «እንኳን ተፈታህ» ይለኛል። የሚጠብቀው እንደ ድሮዬ እንድከራከረው ነው።

«አሜን» እለዋለሁ።